መስመሩ የታጠፈበት ቦታ

(ከሰዓት በኋላ፣ በባቡር አገናኝ መስመር ፕሮጀክት ቢሮ። ኢንጂነር ደምሰው ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ታላቅ እህቱ እታፈራሁ የአባታቸውን ቤት እንዳያስፈርስባት ልትለምነው መጥታ ከፊቱ ቆማለች፤ ተቀመጪ ያላትም የለም።)

እታፈራሁ፦ ቆሜ የለመንኩህን ተቀምጬ አልደግመውም። ይኼን መስመር ከአባባ ቤት ላይ አንሳልኝ።

ደምሰው፦ እታለም፣ ይኼ እኮ የልብስ ማስጫ ገመድ አይደለም፤ ከአንዱ ችካል ፈትተሽ ወደ ሌላው የምታስሪው። የምሥራቁን ባቡር ከደቡቡ ባቡር የሚያገናኝ መስመር ነው። ስንት ሕዝብ ይጠብቀዋል መሰለሽ?

እታፈራሁ፦ ሕዝቡ ይገናኝ፣ ደስ ይበለው። እኔን ከቤቴ ሳታለያይ ማገናኘት አይሆንልህም?

ደምሰው፦ ልማት ነው። ልማት ሲመጣ በር አያንኳኳም።

እታፈራሁ፦ አንኳኳ እንጂ። ቀይ ቀለም ይዞ መጥቶ በራችን ላይ ምልክቱን ለቅልቆብን ሄደ። ያስለቀለቀው ማን ነው?

ደምሰው፦ ቢሮው።

እታፈራሁ፦ ቢሮው እጅ አለው?

ደምሰው፦ ነገር አታክርሪብኝ። የሕዝብ ውይይት ተደርጎበታል። ቅሬታ ያለው ያኔ መጥቶ በተናገረ።

እታፈራሁ፦ ውይይት ያላችሁት እኮ ጎረቤታችን ጋሽ ባልቻ የተቀበሩ ዕለት ነው። ዕድርተኛው በሙሉ ቀብር ላይ ነበር። የዕድሩ ዳኛ መጥተው ለሌላ ቀን ይተላለፍልን ብለው ለምነውሃል።

ደምሰው፦ ‘ሞት ለባቡር አይቆምም’ አልኳቸው። የሰፈሬን ሰው አውቀዋለሁ፤ ለሞተ ነቅሎ ይወጣል፣ ላለ ጉዳይ ግን ቢጠሩት አይሰማም። በዚያ ላይ ሦስት ሰው መጥቷል። ቃለ ጉባኤ ተይዟል።

እታፈራሁ፦ ከሦስቱ አንዷ የጠፋች በጓን ፍለጋ የገባች ናት።

ደምሰው፦ ገባች አይደል? ተሳትፋለች ማለት ነው።

እታፈራሁ፦ ድሮ እንዲህ አልነበርክም ልልህ ነበር። ነበርክ። እኔ ነኝ ልጅነት ነው እያልኩ ያለፍኩት።

ደምሰው፦ እታለም፣ ኮሚቴው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። እኔ እፈርማለሁ፣ እነሱ ያጸድቃሉ፣ አለቀ። የመጣሽው ልትመርቂኝ ከሆነ መርቂኝና ሂጂ።

እታፈራሁ፦ እስቲ ካርታውን አሳየኝ።

ደምሰው፦ ካርታ ማንበብ ጀመርሽ ደግሞ?

እታፈራሁ፦ ማንበቡ ይቅርብኝ፤ ዐይኔ ግን አልጠፋም። ይኼ ቀዩ ነው መስመሩ?

ደምሰው፦ እሱ ነው።

እታፈራሁ፦ በዚህ ወገን እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ መጣ። በዚያም ወገን ቀጥ ብሎ መጣ። እኛ ሰፈር ሲደርስ ምን ነክቶት ነው የሚጠማዘዘው?

ደምሰው፦ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ቴክኒክ ነው፣ አይገባሽም።

እታፈራሁ፦ መሬቱን ተወልጄበታለሁ። አንተም ተወልደህበታል፤ ብይ ስትጫወት ብይህ እንኳ ሳይገፏት የማትንከባለልበት ሜዳ ነው። ዐይኔን እያየህ ንገረኝ።

ደምሰው፦ እሺ። ማንን ፈርቼ ነው? እኔ ነኝ ያጠፍኩት። መጀመሪያ በዋናው መንገድ ዳር ነበር የሚያልፈው፣ ያንቺን አጥር እንኳ አይነካም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ተቀምጬ አጠፍኩት። አሁን ደስ አለሽ?

እታፈራሁ፦ አላለኝም። አመመኝ። ለምን?

ደምሰው፦ ቤቱን እንሽጠው ብዬ ስንቴ ለመንኩሽ? አንቺስ ስንቴ ‘አባባ ተናግሯል’ ብለሽ መለስሽኝ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

እታፈራሁ፦ ተናግሯላ። በሞት አልጋው ላይ፣ እጄን ይዞ፣ ‘ቤቴን የሸጠ አጥንቴ ይውጋው’ ብሏል። አንተም እግሩ ሥር ቆመህ ሰምተሃል።

ደምሰው፦ ያንቺን እጅ ይዞ፣ እኔን እያየ። እሱን ለምን አትጨምሪውም?

እታፈራሁ፦ የሚያውቀውን ነዋ ያየው።

ደምሰው፦ እንግዲህ ስሚኝ። የተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም እላለሁ። ግን የሽያጩን ነገር ባሰብኩ ቁጥር እዚህ ጎኔ ላይ ይወጋኛል። ሐኪሙ ጨጓራ ነው አለኝ። እኔ ጨጓራ አለመሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ መላ ፈለግሁለት። ባቡር ቤት አይገዛም፣ እኔም ለባቡር አልሸጥኩም። ባቡር ያልፋል። አባባ ለሚያልፍ ነገር ርግማን አላዘጋጀም።

እታፈራሁ፦ የሞተ ሰው ልታታልል?

ደምሰው፦ በሕይወቱማ ማን አታሎት ያውቃል? ‘የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ’ ይላሉ አበው።

እታፈራሁ፦ እሱ ሌባ ለመጣበት ሰው ነው የተባለው። አንተ ሌባውን ቤቱን እያሳየህ ነው ያመጣኸው።

ደምሰው፦ ምን ተጎዳሽ ታዲያ? ካሳው ለሁለታችን ነው። የኔ ፎቅ ጣሪያ ያገኛል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ብረቱን ወደ ሰማይ አሹሎ ቆሞ መሳቂያ ሆኛለሁ። አንቺም ኮንዶሚኒየም ይደርስሻል። አዲስ ቤት፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ፣ ውኃው ውስጥ።

እታፈራሁ፦ ስንተኛ ፎቅ?

ደምሰው፦ አምስተኛ።

እታፈራሁ፦ ‘ላም አለኝ በሰማይ።’ ጉልበቴን ታውቀዋለህ አይደል? አባባን ከአልጋ ሳነሳ ሳስተኛ ያለቀውን ጉልበት።

ደምሰው፦ ደረጃ መውጣት ለጉልበት ጥሩ ነው ይላሉ።

እታፈራሁ፦ ሌላውም ሰው እንዲህ ያለህ እንደሆነ ትስቃለህ?

ደምሰው፦ አታልቅሺብኝ። ማን አስታምሚው አለሽ? ለአባባ ገንፎ ስታገነፊ ዕድሜሽ አለፈ፣ ሊያገባሽ የመጣው ሁሉ ደጅ ጠንቶ ጠንቶ ተመለሰ። ሲሞት ደግሞ ቤቱን አገባሽው። ይኼው እኔ አፋታሁሽ። ገና በስተርጅና ነፃ ሴት ትሆኛለሽ።

እታፈራሁ፦ ይኼን ሳትናገር ልታስወጣኝ ትችል ነበር።

ደምሰው፦ እችል ነበር። ግን ሃያ ዓመት አፌ ውስጥ ነበር።

እታፈራሁ፦ አንተስ ምን ቀረብህ? አንተን አስተማረ፣ ውጭ አገር ላከ። እኔን ከስድስተኛ ክፍል አስወጥቶ ምድጃ ላይ አስቀመጠኝ፤ ‘አንዱ ይበቃናል’ ብሎ። ታዲያ ከሁለታችን የሚቀየመው አንተ የሆንከው በምን ሒሳብ ነው?

ደምሰው፦ እኔን ላከኝ፣ አንቺን ወደደሽ። ስመጣ እንደ እንግዳ ብርጭቆ አጥቦ ያቀርብልኛል። አንቺን ግን ይሰድብሻል፣ ይቆጣሻል፣ ያንኑ እጅሽን ይዞ ይተኛል። እኔን አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቶኝ አያውቅም። የማይቆጣሽ አባት ምን ማለት እንደሆነ አታውቂም።

እታፈራሁ፦ ይኼን ለሱ አትነግረውም ነበር? ቤት ከምታስፈርስ።

ደምሰው፦ ጊዜው አለፈ። አሁን የቀረው ቤቱ ነው። ቆሞ ሳየው ያመኛል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። መስመሩ ሲያልፍበት ግን ፊቴን አላዞርም። ጣቢያው ደግሞ የት እንደሚሆን ታውቂያለሽ? ልክ የኔ ፎቅ በር ላይ። ከአባባ ጓሮ የተነሳው ባቡር ቡናሽን አንድ ጊዜ ፉት ሳትይ እኔ ደጅ ይቆማል። ድምፁን አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ።

እታፈራሁ፦ ይመችህ። አንድ ነገር ብቻ፤ ያ ካርታው ጫፍ ላይ የጫንከው ምንድን ነው?

ደምሰው፦ እሱ? የጓሮሽ ስጦታ ነዋ። ባለፈው ሳምንት አፈር ሊመረምሩ የመጡት ልጆች ቆፍረው ያወጡት ነው። ካርታዬ እየተጠቀለለ አስቸግሮኝ ነበር፤ ከዚህ ድንጋይ ጋር ደርቤ ስጭነው ልክ መጣልኝ።

እታፈራሁ፦ ከጓሮዬ ከየት ላይ?

ደምሰው፦ ከዘይቱኗ ሥር። አንቺ መሬት ላይ ተዘርግተሽ ‘እዚህ አትቆፍሩ’ ካልሽበት። ደውለውልኝ ነበር እኮ። ‘ኢንጂነር፣ እትዬ ትንሽ ፈቀቅ አድርጉት እያሉ ያለቅሳሉ፣ ምን እናድርግ?’ አሉኝ።

እታፈራሁ፦ አንተስ ምን አልካቸው?

ደምሰው፦ ‘ደግፋችሁ አንሱና ወንበር ላይ አስቀምጧት፣ እዚያው ቆፍሩ’ አልኳቸው። ለአንድ ዛፍ እንዲህ ትሆኛለሽ? ለሰው እንኳ እንዲህ ስትሆኚ አላየሁም።

እታፈራሁ፦ ፈቀቅ ቢያደርጉት ምን ይጎድልብህ ነበር?

ደምሰው፦ ምንም። አፈሩ እዚያም እዚህም አንድ ነው። አንቺ እምቢ ያልሽበት ቦታ ስለሆነ ነው።

እታፈራሁ፦ ለዚህ ብቻ?

ደምሰው፦ ለዚህ ብቻ። ለመሆኑ ያ ቡችላሽ አለ? ይኼን ውሰጂለት፣ ይጋጠው።

እታፈራሁ፦ ምን መስሎህ ነው እሱ?

ደምሰው፦ አጥንት ነዋ። የሙክት ይሆናል። አባባ በየፋሲካው ጓሮ ውስጥ ሲያርድ አልነበር? ውሻ ቀብሮት ይሆናል። እይው፣ መሰርሰሪያው መሃሉን በስቶታል። ክብ አድርጎ፣ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ። ቆይ ላሳይሽ፤ በዚህ በኩል አየሁሽ እታለም። አንድ ዐይንሽ ብቻ ይታያል።

እታፈራሁ፦ ከፊትህ ላይ አውርደው።

ደምሰው፦ ምነው?

እታፈራሁ፦ አውርደው አልኩህ። አሁን ልቀመጥ።

ደምሰው፦ ተቀመጪ። ጨዋታ ነው፣ ምን አስደነገጠሽ? ፊትሽ ጠቆረ እኮ። ውኃ ላስመጣልሽ?

እታፈራሁ፦ አባባን መጨረሻ የጎበኘኸው መቼ ነው?

ደምሰው፦ መቃብሩን ማለትሽ ነው? ለሙት ዓመቱ ሐውልቱን ስናቆም።

እታፈራሁ፦ ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ቦታ ጠበበኝ፣ አሮጌ መቃብር ይነሳልኝ ብሎ አስነገረ። ደወልኩልህ።

ደምሰው፦ አስታውሳለሁ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ።

እታፈራሁ፦ በማግሥቱም ደወልኩልህ።

ደምሰው፦ በማግሥቱም ስብሰባ ነበር። ምን ልታመጪ ነው?

እታፈራሁ፦ ቄሱ ‘አጽሙን የሚያነሳ ወንድ ልጅ የለውም ወይ?’ አሉኝ። ‘አለው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ስብሰባ ላይ ነው’ አልኳቸው። ኩራትም ሐፍረትም ተደባለቀብኝ። እኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኬ ከቆፋሪው እጅ እየተቀበልኩ ነጠላዬ ላይ ሰበሰብኩት።

ደምሰው፦ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ፉካ ውስጥ አስገባሁት ብለሽኝ አልነበር?

እታፈራሁ፦ ብዬህ ነበር። የትኛው ረድፍ ላይ ብለህ ጠየቅከኝ?

ደምሰው፦ አልጠየቅኩሽም።

እታፈራሁ፦ ሻማ ላብራለት፣ የትኛው ነው ብለህ አንድ ቀን ሄደህ ፈለግከው?

ደምሰው፦ እታለም፣ ወዴት ነው የምትሄጂው?

እታፈራሁ፦ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። ፉካ የለም፣ ተራ ጠብቂ ተባልኩ። የት ላስቀምጠው? በነጠላዬ ቋጥሬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በታክሲ ወደ ቤት አመጣሁት። ረዳቱ ‘እትዬ፣ ዕቃው ለብቻው ይከፈልበታል’ አለኝ። ከፈልኩለት። ምን ልበለው?

ደምሰው፦ ወደ ቤት።

እታፈራሁ፦ ቤቴ ቤቴ ሲል የኖረ ሰው ነው፤ እዚያው ይረፍ አልኩ። ራሴ ቆፈርኩ። ግቢ ውስጥ መቅበር ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ተነግሮብኝ አውጪ እንዳልባል ለነፍስ አባቴ እንኳ ሳልናገር ቀረሁ። ለሰዎችህም አፌን ያልከፈትኩት ለዚሁ ነው። ፈቀቅ አድርጉት፣ ፈቀቅ አድርጉት ብቻ ነው ያልኩት።

ደምሰው፦ ዘይቱኗ ሥር አይደለም በይኝ።

እታፈራሁ፦ ጥላ ይወድ ነበር።

ደምሰው፦ ሙክት ነው። እታለም፣ የሙክት ነው በይኝ። ጓሮው ውስጥ ስንት በግ ታርዷል።

እታፈራሁ፦ ሰዎቹ ጉድጓዱን ደፍነው ሲሄዱ ነክተውት ይሁን አልፈውት ይሁን አላወቅኩም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አልነኩትም እያልኩ ራሴን ሳባብል ከረምኩ። ዛሬ አንተ ነገርከኝ። የትኛው እንደሆነ እኔም መለየት አልችልም። ትከሻው ይሆናል። ትከሻው ከሆነ፣ ወንዙ በሞላ ጊዜ አንተን ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያደረሰበት ነው። በል እስቲ፣ በቀዳዳው ደግመህ እየኝ።

ደምሰው፦ እባክሽ።

እታፈራሁ፦ እኔም እባክህ ብዬ ነበር የገባሁት።

ደምሰው፦ መስመሩን እመልሰዋለሁ። ወደ ዋናው መንገድ ዳር፣ ወደ ድሮው። አሁኑኑ ልደውልላቸው፣ ገና አልፈረምኩም። ቤቱ አይነካም፣ አንቺም ትኖሪበታለሽ፣ እሱም...

እታፈራሁ፦ ስልኩን አስቀምጥ።

ደምሰው፦ ለዚህ አይደል እንዴ የመጣሽው?

እታፈራሁ፦ ስመጣ ለዚህ ነበር። ስመጣ አባቴ ካርታ መጫኛ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ደምሰው፦ አላወቅኩም እኮ። እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

እታፈራሁ፦ በመጠየቅ። ‘ለምን ታለቅሳለች?’ ብለህ ልጆቹን በስልክ በመጠየቅ። አንተ ግን አለቀሰች የተባልኩበትን ቦታ መርጠህ አስቆፈርክ። ‘አጥንቴ ይውጋው’ ነበር ያለው፤ አንተ ቀድመህ ወጋኸው።

ደምሰው፦ መስመሩን ልመልስልሽ እያልኩ ነው። ምን ትፈልጊያለሽ ሌላ?

እታፈራሁ፦ ብትመልሰው ‘ለምን መለስከው?’ አይሉህም?

ደምሰው፦ ምክንያት አላጣም።

እታፈራሁ፦ እኔ ደግሞ እውነተኛውን ይዤ ኮሚቴው ፊት እመጣለሁ። ለምን እንዳጠፍከው፣ ለምን እንዳቃናኸው። ሰፈሩ ሁሉ ባይመጣም ግድ የለም። ሦስት ሰው ይበቃል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል።

ደምሰው፦ ታስጨርሺኛለሽ። የልጆች አባት ነኝ።

እታፈራሁ፦ መስመሩን መልሰህ ነጻሁ እንድትል አልፈልግም፤ ስለዚህ ፈርም። መስመሩ እንዳጠፍከው ይለፍ። ባቡር ያልፋል አላልክም?

ደምሰው፦ አንቺስ የት ትወድቂያለሽ?

እታፈራሁ፦ አምስተኛ ፎቅ። ለጉልበት ጥሩ ነው ይላሉ።

ደምሰው፦ አጽሙስ? የመሬት ቁፋሮው በሚቀጥለው ወር ይጀመራል እታለም። ከዚያ በፊት መነሳት አለበት። መቼ ታነሺዋለሽ?

እታፈራሁ፦ እኔ?

ደምሰው፦ አንቺ ነሽ ቦታውን የምታውቂው።

እታፈራሁ፦ አንተም አሁን አወቅከው። እኔ አንድ ጊዜ ተሸክሜዋለሁ፣ ሁለተኛ አልሸከመውም። ቄሱ የጠየቁት ወንድ ልጁን ነው። አካፋ ይዘህ ትመጣለህ፣ ወይ ደግሞ ትተወውና ባቡርህ ያልፍበታል፤ ደጅህ ላይ በቆመ ቁጥር በማን ላይ አልፎ እንደመጣ አልጋህ ላይ ሆነህ ትሰማለህ።

ደምሰው፦ ብቻዬን አልችልም። እታለም፣ አብረሽኝ ሁኚ። ይኼን እንኳ የት እንደማኖረው አላውቅም።

እታፈራሁ፦ ምን ይከብድሃል? ጀምረኸዋል እኮ። አንዱን ይኼው በእጅህ ይዘሃል።